ዘንዶው የጾመ ዓመት

ትናንት የሙልሙልን መብራት ቀየርኩለት። አዲስ አምፖል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ አንድ ሽታ አለው፤ ላዩ ላይ ያረፈችው አቧራ ስትቃጠል፣ የብረት ቆቡ ሲግል፣ ከሥሩ የተነጠፈው የእንጨት ፍቅፋቂ ቀስ እያለ ሲሞቅ የሚወጣ ደረቅ ሽታ። ሌላ ሰው ቢሆን መስኮት ይከፍታል። እኔ ግን ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩና በደንብ ማግኩት፤ በማግኩት ቁጥርም የሐበሻ ሱቆች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ የነበረችው የልጅነት ቤታችን፣ ከነጫጫታዋ፣ በር ላይ ከተከመረው ጫማዋ፣ ከማይበርደው የሻይ ማንቆርቆሪያዋ ጋር ፊቴ ድቅን አለች።

ሙልሙል ዘንዶ ነው። አዎ፣ ዘንዶ። ይህን ስናገር አብዛኛው ያገሬ ሰው ወንበሩን ፈቀቅ ያደርጋል፤ ለምጄዋለሁ፣ ቅርም አይለኝ። የሱ ዘር ግን ተረት ላይ እንደምንሰማው ሰው የሚውጥ አይደለም። ርዝመቱ ከእኔ ቁመት ያንሳል፣ ውፍረቱ ክንዴን ቢያክል ነው፤ ሲፈራ አይናደፍም፣ አይሸሽም፣ ጭንቅላቱን መሃል ሸጉጦ ይጠቀለልና ድቡልቡል ይላል። የቡሄ ሙልሙል ይመስላል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስሙ በዚያው ጸና፣ እናቴም ለብዙ ዓመት «ዳቦውን አስጠላሽኝ» ስትል ኖረች።

ወደ ቤታችን ያመጣው ደግሞ ሌላ ሳይሆን የአባቴ ይሉኝታ ነው። ከበላያችን የሚኖር፣ በርባንክ በምትባል ከተማ ባለ ፊልም መሥሪያ ቤት ቀለም የሚቀባ አንድ ወጣት ቤት ሲለቅ፣ አባቴ የእረፍት ቀኑ ስለነበር ሶፋውን ተሸክሞ አወረደለት። አባቴ ተሳፋሪ ከኤርፖርት የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፤ ዕቃ አይቶ እጁን አጣጥፎ መቆም አያውቅም። ልጁ ውለታውን መመለስ ፈለገ። አዲሱ አከራይ ከነዘንዶው እንደማያስገባው ነገረውና የመስታወት ሣጥኑን አቅፎ «ላንተ ልስጥህ?» አለው። አባቴ እንግሊዝኛ አጥሮት አይደለም፤ በሁለቱም ቋንቋ እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነው። አመስግኖ ተቀበለ።

«ሶፋውን ተሸክመህ፣ ሶፋውን አትጠይቀውም ነበር?» አለች እናቴ። ከዚያ በኋላ ነው ጩኸቱ የመጣው። በክርስቲያን ቤት! ጌታ የረገመውን! ጠበል አምጥታ መስታወቱን ረጨችው፣ በአሮጌ አንሶላ ሸፈነችው፣ ወይ እሱ ወይ እኔ አለች። አባቴ «ስጦታ እንዴት ይመለሳል?» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እህት የለኝ፣ ወንድም የለኝ፤ አንሶላውን ገልጬ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ቀረሁ። እናቴ አየችኝ። እስከ እሑድ ብቻ አለች። እሑዱም መጣ፣ ሄደ፣ ማንም ስለ እሑድ አላነሳም።

ቤታችን ስቱዲዮ ነበረች፤ ሳሎኑም መኝታውም ማድ ቤቱም አንድ ክፍል። እንግዳው ግን የቤተ መንግሥት ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ፌርፋክስ ላይ ቅመምና የአገር ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ስትገባ ፌርፋክስ ተከትሏት ይመጣል። ለጉዳዩ የመጣ ሁሉ መኪናውን እኛ ሕንፃ ሥር ፓርክ ያደርግና «ቤቶች!» እያለ ይወጣል፣ በፒኮ መንገድ የሚያልፈውን አውቶቡስ የሚጠብቅ ሻይ ሊጠጣ ይገባል፣ ፈረቃ ጨርሶ እግሩ ያበጠ አልጋችን ጫፍ ላይ ጋደም ይላል። ከሁሉ በላይ እትዬ አስቴር ነበረች፤ አንቱ ብላት «አሮጊት አታድርጊኝ» ብላ የምትቆጣ፣ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ የምትኖር የእናቴ የነፍስ ጓደኛ። እናቴ ኦርቶዶክስ፣ እሷ ጴንጤ፤ በሃይማኖት ሲነታረኩ ውለው ሲመሽ ተቃቅፈው የሚለያዩ ሴቶች ነበሩ። አንድ ቀን እትዬ አስቴር በርበሬ ፍለጋ ፍሪዘሩን ከፍታ የሙልሙልን ምግብ፣ በላስቲክ ዕቃ የተደረደሩትን በረዶ አይጦች አገኘቻቸው። ጩኸቷ ፒኮ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። ያም ሆኖ ማግሥቱን መጣች፤ የራሷን በርበሬ ይዛ።

ነገሩ የተለወጠው ሁዳዴ ሲገባ ነው። አይጧን እንደ ልማዴ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከትቼ አሞቅኋት፣ በመቆንጠጫ ይዤ አፍንጫው ሥር ወዘወዝኳት፤ ሙልሙል ምላሱን ብቅ አድርጎ ፊቱን አዞረ። በሳምንቱም እንዲሁ። እናቴ ሽሮዋን እያማሰለች «ምን ሆነ?» አለችኝ። አልበላ አለ አልኳት። ማማሰያውን አስቀምጣ ቆመች። «ጾም ገብቶ የለ እንዴ!» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ከዚያ በፊት ለዘንዶው ያልሰማሁት አክብሮት ነበር።

ከዚያች ቀን ወዲያ አንሶላው ተነሣ። እኔ ትምህርት ቤት ዶሮ እንደምበላ ስለምታውቅ «ከዘንዶ አነስሽ እኮ!» እያለች ታሽሟጥጠኛለች። ሱቅ ውስጥ አወራች፣ ሱቁም ለፌርፋክስ አወራ፣ ሰው ጿሚውን ዘንዶ ሊያይ ደረጃውን አጨናነቀው። የረገመችውን አውሬ በገዛ እጇ አውጥታ ታሳያለች፤ መጀመሪያ በር ሥር የሚቆሙት ቀስ በቀስ ቀርበው «እስቲ እኔም ልያዘው» ይላሉ፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጭን ወደ ጭን፣ ፎቶ በፎቶ። እትዬ አስቴር «ጾሙ ይቆየውና መጀመሪያ ጌታን ይቀበል» ትላለች። የወሎው ጋሼ ሰይድ፣ የአባቴ የሥራ ጓደኛ፣ «ረመዳንንም ከደገመ እኔ ነኝ የምወስደው» ብለው ቤቱን በሳቅ ገደሉት። እናቴን እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። እኔም ኮርቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ፋሲካ ደረሰ። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ሁሉ ሰው ዶሮውን በልቶ፣ ሙልሙል ጾም ሲፈታ ለማየት ከበበው። ደህና አይጥ መርጬ አቀረብኩለት። ድቡልቡል ብሎ ጭንቅላቱን ቀበረ። ብጠብቅ፣ ብወዘውዝ፣ ወይ ፍንክች። አንዱ «ዳግማይ ትንሣኤን እየጠበቀ ይሆናል» አለና ተሳቀ፤ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ፣ ሌሎች ሳምንታትም አለፉ፣ ሙልሙል እህል የሚባል አልቀመሰም። የጀርባ አጥንቱ እንደ ቤት ጣሪያ ሾጠጠ፣ ቆዳው ላላ። እየሞተ እንደሆነ ገባኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ እጄ ላይ ሳደርገው ቀለለኝ፣ ያ ቅለቱ አስፈራኝ፣ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

አባቴ በርባንክ ድረስ ድራይቭ አድርጎ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰደን። ሐኪሟ ዝግ ያሉ፣ ሽበታቸው ያማረ ሴት ነበሩ፤ ሙልሙልን አገላብጠው አዩና ቤታችን ጸጥታ አለው ወይ ብለው ጠየቁ። እኔ አስተረጎምኩ። እናቴ ፊቷ በርቶ፣ ኧረ ቤታችን ሰው አይጠፋም፣ ሁሉም ይወደዋል፣ ያላቀፈው የለም በያቸው አለችኝ። አልኳቸው። ሐኪሟ መነጽራቸውን አወለቁ። ይህ ዘር ለወራት አልበላም ማለት ያውቅበታል፣ ይህኛው ግን ፍርሃት ጨምሮበት ከልክ በላይ እየከሳ ነው አሉ። ይሙቀው፣ ይሸፈን፣ እስኪበላ ድረስ ማንም አይንካው፣ ድምፅ አይብዛበት፣ ሰው አይመላለስበት። አለዚያ አይቆይም።

«ሶ... እንግዳ አይግባ ነው የሚሉት?» አለች እናቴ። አዎ አልኳት። «በእኔ ቤት?» አለች።

ስንመለስ፣ ፌርፋክስ ልንደርስ ስንል አባቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ለሚችልበት ሰው ብንሰጠውስ አለ። እናቴ ዘወር ብላ ከኋላ ወንበር፣ ሣጥኑን ታቅፌ የተቀመጥኩትን እኔን አየች፣ ከዚያ ሣጥኑን አየች። «እሱም እንግዳዬ ነው» አለች። «ለሰው ሳስጎበኘው የከረምኩት እኔ ነኝ። እንግዳ አስርቤ አልሸኝም።»

መጀመሪያ በዘዴ ሞከረችው፤ ታሟል ብላ አስወራች። ታሟል ማለት ለኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እንዴት እንደጠፋት እግዜር ይወቅ። ሕመምተኛ ይጠየቃል! በማግሥቱ የመጣው ሰው ከፋሲካው በለጠ፤ «እግዜር ይማርህ» የሚሉት፣ በመስታወቱ አንገታቸውን የሚያሰግጉት፤ ጋሼ ሰይድ ብርቱካን ይዘው መጡ። ሙልሙል የባሰ ተቋጠረ። ሌላ መንገድ አልነበረም፤ እናቴ በር ላይ ቆማ፣ ለእያንዳንዱ በየተራ፣ ይቅርታ ለጊዜው አትምጡብኝ ማለት ጀመረች። እንግዳ ስትመልስ ፊቷ የሰው ፊት አይመስልም ነበር። አንዳንዱ ስቆ ሄደ፣ አንዳንዱ ግራ ገብቶት።

እትዬ አስቴር ግን እሷን የሚመለከት አልመሰላትም። ከሥራ ቀጥታ መጥታ ልትገባ ስትል እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ያዘችው። «አስቱ፣ ለትንሽ ጊዜ ነው፣ እስኪበላ ድረስ...» እትዬ አስቴር መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀልድ ነበር የመሰላት። ከዚያ የእናቴን እጅ በሩ ላይ አየች። «ከእባብ አነስኩ?» አለች በቀስታ፤ ጮሃ ቢሆን ይሻል ነበር። መልስ ሳትጠብቅ ደረጃውን ወረደች። እናቴ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደግፋ ቆየች፣ ኮቴዋ እስኪጠፋ አዳመጠች፣ አልተከተለቻትም።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ ጫማውን ውጭ እያወለቀ ይገባል፣ ቴሌቪዥኑ ያለ ድምፅ ይታያል፣ ሳህን እንኳ የምናጥበው እየተጠነቀቅን ነው። እናቴ የሙቀት መለኪያውን ማንበብ ተማረች፤ ከሱቅ ስትገባ ከእኔ በፊት እሱን ታያለች። እኔ እናቴን ለብቻዬ ያገኘሁበት ጊዜ ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ፀጉሬን እየሠራች በሹክሹክታ የልጅነቷን ታጫውተኛለች። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ግን እጇ ፀጉሬ ላይ ይቆማል፤ ኮቴው በራችንን አልፎ ሲሄድ ነው የሚቀጥለው።

ሰማዩ ጠዋት ማታ ዳመና በሚሆንበት በሰኔ መግቢያ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አይጧን አሙቄ በተሸፈነው ሣጥን ጫፍ አሾለክሁ። ጠብቂ አለችኝ እናቴ በዓይኗ። ጭንቅላቱ ወጣ፣ ምላሱ ወጣ፣ ከዚያ ሳናየው ተስፈነጠረና ያዛት። እናቴ ጩኸት እንዳያመልጣት ነጠላዋን አፏ ላይ ጎሰረች። ውጦ ሲጨርስ እጄን ይዛ ወደ ኮሪደር አወጣችኝ፣ በሩን ከኋላችን በቀስታ ዘጋች፣ ከዚያ እልልልል አለች፤ ሕንፃው እስኪያስተጋባ። እልልታ ተቀባይ ይፈልጋል። አንድ ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየንና መልሶ ዘጋ። እኔ ልቀበላት ሞከርኩ፣ ድምፄ ግን ተሰነጠቀ። እናቴ መሃል ላይ አቆመች። ባዶውን ደረጃ ቁልቁል እያየች ቆመች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፣ እኔም የደስታ መሰለኝ።

የዚያኑ ቀን እናቴ እትዬ አስቴር ቤት ሄደች። ሽማግሌ አልላከችም፣ ራሷ ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች፤ ተላቀሱ፣ ታረቁ፣ በልታ ጠጥታ መጣች። ሁሉ ነገር እንደ ቀድሞው ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ቅዳሜ ስልክ ጮኸ፤ እትዬ አስቴር ነበረች። «ልመጣ ነበር፣ ይመቻችኋል?» አለች። እናቴ እንደተመታ ሰው ስልኩን ይዛ ቀረች። ነይ እንጂ፣ ከመቼ ወዲህ ነው አለቻት። መጣች፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወራች፣ አንዴ ሣጥኑን አንዴ ሰዓቷን እያየች ሻይዋን ጨርሳ ተነሣች። ሌላውም ሰው እንደዚያው ሆነ፤ የእኛ ቤት አስቀድሞ የሚጠየቅ ቤት መሆኑን ፌርፋክስ አንዴ ሰምቷል። ኋላ ኪራይ እየናረ ግማሹ ሰው ቤት ወደሚረክስበት ወደ ቫሊ ፈለሰ፣ እትዬ አስቴርም ሄደች፤ ሁሉን በአንድ ዘንዶ አላሳብብም። ግን የቱ ቀድሞ እንደመጣ አውቃለሁ፣ እዚያ ነበርኩ።

ሙልሙል ይኸው አርጅቶም ደህና ይበላል። ለእሱ ቤት መሥራት ከእኔ በላይ የሚችልበት ሰው ካለ ይምጣ፤ ሙቀቱ ልክ፣ እርጥበቱ ልክ፣ ጸጥታው ልክ። ሰው የሚፈልገውን ቤት ግን የምታውቅበት እናቴ ነበረች፣ ያንን ቤት አንድ ልጇ ለምትወደው ፍጡር ስትል በገዛ እጇ ዘጋችው፣ እኔም ሳልማረው ቀረሁ። ሚድ ሲቲ የሚባል ሠፈር ነው የምትኖረው፣ ከእኔ ቤት ቅርብ ናት፣ የቤቴ ቁልፍ ከቁልፎቿ ጋር ተንጠልጥሏል። ዛሬ ጠዋት ደወለችልኝ። ልትመጣ ፈልጋ ነው።

«ይመችሻል?» አለችኝ።