ሦስት ጊዜ የተቀየረው ስፒከር

ሰፈርተኛው «ሰርጀን» የሚለው ስልክ ጠጋኝ ያልከፈተው ዕቃ የለም። ደንበኛው ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ የስልኩን ጀርባ ፈልቅቆ ይጠብቀዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ የገዛ ስልኩን ስፒከር ሦስት ጊዜ ቀየረ፤ ድምፁ ይመጣል፣ ቃሉ አይለይም። «ዕቃው ሁሉ ፎርጅድ ሆኗል» እያለ አስመጪዎቹን ሲራገም ከረመ።

አንድ ቀን ግራ እጁ ሥራ ይዞበት ስልኩን በቀኝ ጆሮው አነሳ። ሚስቱ ነበረች።

«ዛሬ ምን በልተሽ ነው እንዲህ ጥርት ያልሽው?»

«እኔማ ያው ነኝ። አንተ ነህ ዓመቱን ሙሉ ስትዘጋኝ የከረምከው።»

ወደ ግራ ጆሮው መለሰው፤ ሚስቱ እንደገና ጉርምርምታ ሆነች። ለካ የተበላሸው ስልኩ አልነበረም። ሰውዬው መጠጥ በአፉ ሳይዞር፣ ሲመሻሽ ግድግዳ ተደግፎ መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። ሚስቱ ይህን ታዝባ ነበርና፣ የጆሮውን ነገር ስትሰማ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ የመስማት ምርመራ አደረገችለት፤ የጭንቅላት ኤምአርአይም አዘዘችለት። ውጤቱ ሲመጣ ስክሪኑ ላይ አተር የምታክል ነጭ ነገር አሳየቻቸው።

«ከውስጠኛው ጆሮ ወደ አንጎል በሚሄደው ነርቭ ላይ የበቀለ እጢ ነው። መስማትም ሚዛን መጠበቅም በዚያ ነርቭ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ሌላ ቦታ አይሰራጭም። ብዙውን ጊዜ የሚያድገውም ቀስ ብሎ ነው።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን? ተከፍቶ ይውጣ።»

«አጠገቡ የፊት ነርቭ አለ። ቢነካ ግማሽ ፊትዎ አልታዘዝ ሊልዎ ይችላል፤ የቀረው መስማትዎም ሊሄድ ይችላል። አሁን ትንሽ ነው። ከስድስት ወር በኋላ እንየው፤ ካደገ ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና አለ።»

ሰርጀን አኮረፈ። የራሱ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ብልሽት፣ ስድስት ወር ሙሉ ሳይከፈት?

«ዶክተር፣ አይስሙት» አለች ሚስቱ። «የቤታችንን ሬዲዮ ትንሽ ይንሿሿል ብሎ ከፈተው። ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ካርቶን ውስጥ ነው።»

ሐኪሟ ሳቋን በወረቀት ሸፈነች። እሱ ግን ሬዲዮውን ሲገጥም የተረፉትን ብሎኖች አሰበ። «እሺ፣ ስድስት ወር» አለ።

ደንበኞቹን በቀኙ እያስቀመጠ፣ እጢው ግራ ጆሮው ውስጥ የሚያሰማውን ጩኸት እየሰደበ ሠራ። የሚከፍትለት ሌላ ሐኪም ሊፈልግ ሁለት ጊዜ ወጥቶ፣ ሁለቴም ከመንገድ ተመለሰ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አደረገች። «አልጨመረም። እንግዲህ የዓመት ሰው ይበለን።»

«ዓመት ሙሉ ይዤው ልዙር?»

«እኔን ሃያ ዓመት ችለህ ይቺ ታቅትሃለች?» አለች ሚስቱ።

«አንቺማ በየዓመቱ ጨምረሻል» አለና የቀጠሮ ካርዱን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።