የኢንግቪል አፍንጫ

ኢንግቪል ትቬት ግማት የማይበግራት ሴት ነበረች። የበሰበሰ ነገር ሲሸተን፣ ምንነቱን ገና ሳናውቅ ሰውነታችን ለምን ይሸሻል? ዕድሜዋን ሁሉ በርገን ከተማ ባለ ቤተ ሙከራዋ ያሳደደችው ይህንኑ ነው። መልሱን ከአፍንጫ ጣሪያ ተነሥተው፣ እንደ ወንፊት በተበሳሳ አጥንት ሾልከው አንጎል በሚገቡት ቀጫጭን ነርቮች ውስጥ ትፈልግ ነበር። ለዚህም የከረመ ላብ፣ የገማ ዓሣ፣ የተበላሸ ቅቤ በጠርሙስ በጠርሙስ ታኖራለች። በነሱ መሃል ቁጭ ብላ ዳቦዋን በቡናማ አይብ ስትገምጥ ያዩ ተማሪዎች ፊታቸውን አዙረው ይወጡ ነበር። አውቶቡስ ላይ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ሲቀር ቅር አይላትም።

አንድ ዓመት፣ ብርዱ በጠናበት ወር፣ ጉንፋን ጣላት። ትኩሳቱ ሲለቃት ማሽተቷም አብሮ ሄደ። እሷ አልደነገጠችም፤ የማሽተት ነርቭ ሞቶ እንደገና እንደሚበቅል ለስንቱ አስተምራለች። ጸደይ ላይ እንዳለችውም በቀለ። የበቀለው ግን ተዛንፎ ነበር።

መጀመሪያ የከዳት ቡና ነው። የጀልባ ካፒቴን የነበረው ባሏ ስቬረ ጠዋት ሲያፈላ፣ አይጥ ከጎማ ጋር የተቀቀለ መስሏት ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። ቀጥሎ ሽንኩርት፣ ከዚያ የተጠበሰ ሥጋ፣ ከዚያ የጥርስ ሳሙና። ሁሉም ያው አንድ ግማት ሆነ፤ በጠርሙሶቿ ውስጥ አቻ የሌለው፣ ጣፈጥ የሚል የሬሳ ጠረን። ምራቋን ስትውጥ እንኳ ጉሮሮዋ ላይ ይለጠፋል። በቀዝቃዛ ድንችና በኪያር ከረመች።

የከፋው ግን ስቬረ ነው። አልጋ ላይ ሲገላበጥ ከብርድ ልብሱ ሥር የሚወጣው ሽታ ፊቷን ወደ ግድግዳው ያስዞራታል። ሲስማት ከንፈሯን በእጅጌዋ ትጠርጋለች፤ ጠርጋም ራሷን ትጸየፋለች። ሰበብ ፈጥራ ፎቅ ወዳለው ክፍል ተዛወረች። እሱ ምንም ሳይጠይቅ ጠዋትና ማታ ይታጠብ ጀመር። ሳሙናው ደግሞ ከገላው ባሰ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሳህኑን ገፋ አደረገና፣ "ሌላ ሰው አለሽ?" አላት።

"የለም። ትሸታለህ።"

"ምን ምን?"

ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች።

"ተናገሪ እንጂ። ባሕር ላይ ያልሸተተኝ ነገር የለም።"

"ጥምብ ጥምብ ትላለህ፣ ስቬረ። ልታቅፈኝ ስትመጣ ሊያስመልሰኝ ይደርሳል።"

ጃኬቱን ለብሶ ወደ ወደቡ ወረደ። ሲመለስ ዝናብ አበስብሶታል። በሩ ላይ እንደቆመ፣ "ሥራሽ አይደለም እንዴ? እኔን መርምሪኛ" አለ።

መረመረችው። ያደረበትን ካናቴራ ወስዳ፣ ሽታን ነጣጥሎ አንድ በአንድ በቱቦ በሚያወጣ መሣሪያ አሳለፈችው። ባልዲ በጉልበቶቿ መሃል ይዛ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ አፍንጫዋን ደቅና፣ እያስመለሳት ሳምንታት ተቀመጠች። አብዛኛው የስቬረ ሽታ ምንም አልመሰላትም። ግማቱን የሚቀሰቅሱት ጥቂት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ከቡናና ከሽንኩርት ገብተው በላቡ የሚወጡ፣ ጤነኛ አፍንጫ ልብ የማይላቸው። ስቬረ ይህን ሲሰማ ሁለቱንም እርም አለ። እሷም ወደ መኝታ ቤታቸው ተመለሰች፤ መስኮቱ ግን በረዶም ቢጥል አይዘጋም። ግማቱ ቀነሰ እንጂ አልለቀቃትም።

ጥናቷ ከታተመ በኋላ እንደሷ አፍንጫቸው የከዳቸው ሰዎች ይመጡባት ጀመር። አንዷ ሲልዬ የምትባል አራስ ነበረች። ባሏ ሕፃኗን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቀርቷል።

"ሳጠባት ትንፋሼን እይዛለሁ" አለች ሲልዬ መሬት መሬት እያየች። "አናቷ ይከረፋኛል። ሐኪሙ ሐሳብ ነው አለኝ። ባሌ ደግሞ ልጅሽን አልወደድሻትም ይለኛል። እርስዎም እንደዚያ ይሉኛል?"

ኢንግቪል ወጥታ ሕፃኗን አቅፋ ገባች። አፍንጫዋን አናቷ ላይ አስጠግታ ሳበች። ፊቷ ተኮማተረ።

"እኔንም ይገማኛል" አለች። "ልጅሽ ግን አልገማችም።"

ሲልዬ አለቀሰች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ልጇን ተቀበለች፤ ትንፋሿን ይዛም ሳመቻት።