አባቴ በተቀበረ ቀን የሄድኩት ሽርሽር

በሕይወትሽ በጣም የሳቅሽበትን ቀን ተናገሪ ብባል ሳላመነታ የምጠራው አንድ ቅዳሜ አለ። ከአርባ ምንጭ ተነስተን በመኪና ጨንቻ ወጥተን የተመለስንበት ቅዳሜ ነው። በዚያ ቅዳሜ እኔ ቀርከሃ ጫካ ውስጥ ቆሜ ፎቶ ስነሳ፣ አባቴ ወላጆቼ በሚኖሩበት በካምባ እየተቀበረ ነበር። መኪናውን የሚነዳው ባሌ ያውቅ ነበር። ከኋላ የተቀመጠችው የልብ ጓደኛዬም ታውቅ ነበር። ከሦስታችን ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ የሟቹ ልጅ።

ስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወርዶብኛል። በእኛ ዘንድ ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ ድንጋጤው ጽንሱን ያስወርዳል ይባላል። እስክትወልድ፣ ከወለደችም በኋላ ጠንከር እስክትል ድረስ ሰው ሁሉ አፉን ይዘጋል። ልማዱን አጥቼው አይደለም። በሌሎች ሴቶች ላይ ሲደረግ አይቻለሁ፤ እንዲያውም አንድ ሁለት ጊዜ እኔው ራሴ አፌን ከዘጉት መሃል ነበርኩ። ያኔ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በእኔ ላይ ይደረጋል ብዬ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ መማሬ ከዚህ የሚያስጥለኝ መስሎኝ ይሆናል።

አባቴም ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይደውልልኛል። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም "ተማሪዬ እንዴት አደረ?" ይለኛል፤ ሆዴ ውስጥ ያለውን ማለቱ ነው። ሁለቱ በወረዱብኝ ጊዜ ከእኔ ይልቅ የተጎዳው እሱ ነው፤ ለሁለተኛው ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰም ብላ እናቴ ነግራኛለች። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካምባ ወርጄ ይህኛው መቆየቱን በዓይኑ እንዲያይ፣ ሆዴን እንዲያይልኝ። ባሌን በየሳምንቱ እለምነዋለሁ። በየሳምንቱ "ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል" ይለኛል። ከዚያ አባቴ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ሳይደውል ቀረ። እናቴን ስጠይቃት ስልኩ ውሃ ገብቶበት ነው አለችኝ፤ ለካ እሱ ታሞ አልጋ ላይ ወድቆ ነበር። አመንኳት። እናት ስለ ስልክ ትዋሻለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ዓርብ ወደ ማታ ባሌ "ነገ ጨንቻ እንውጣ፣ አየር ትቀይሪያለሽ" አለኝ። እዚያው ላይ መንቃት ነበረብኝ። ይህ ሰው እኮ ያንገጫግጫል ብሎ ባጃጅ የከለከለኝ፣ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ድረስ በእግር እየሸኘ የሚያደርሰኝ ሰው ነው። አሁን ከመሥሪያ ቤት ጓደኛው ፒክአፕ ተውሶ ተራራ ሊያወጣኝ ነው። እኔ ግን ደስታ አቅሌን አሳተኝ። ስንት ወር ቤትና ትምህርት ቤት ብቻ ስመላለስ ከርሜ፣ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር እስከ ሱዳን ድንበር እሄድለት ነበር።

ጠዋት ጓደኛዬ መጣች። አሥር ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት አብረን ያስተማርን፣ ምሳችንን ከአንድ ሳህን የበላን ሴት ናት። ገና ከመግባቷ "የዛሬ ፎቶ አንሺሽ እኔ ነኝ፣ ስልክሽን አምጪ" ብላ ከእጄ ወሰደችው። ከአንድ ጊዜ በቀር እስክንመለስ ድረስ አልሰጠችኝም። ስንወጣ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን ለብሰው በየበራቸው ቆመዋል። አንዷ መኪናው መስኮት ድረስ መጥታ ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ። "ምነው ዛሬ አገሩ ሁሉ ወደደኝ?" ብዬ ሳቅሁ። ማንም አብሮኝ አልሳቀም። በኋላ እንደሰማሁት፣ ወደ ካምባ ለቀብር የሚወስዳቸው አውቶቡስ ጥግ ላይ ቆሞ እኛ እስክንሄድ ይጠብቅ ነበር።

የጫኖንና የላንቴን የሙዝ እርሻ አልፈን ወደ ተራራው ስንታጠፍ ባሌ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነበር የሚነዳው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ፤ መስኮቱን ስከፍተው የረጠበ አፈርና የጢስ ሽታ ያለው ብርድ ገባ። አንድ መታጠፊያ ላይ አቁመን ቁልቁል አየን። አባያ እንደ ልማዱ ደፍርሷል፣ ጫሞ ከወዲያ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል፣ መሃላቸው ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጉብታ በጫካው አረንጓዴ። እኔ አመሌ ነውና አባያ ለምን እንደሚደፈርስ ማስረዳት ጀመርኩ። ጓደኛዬ ሌላ ጊዜ ቢሆን "ክፍል ውስጥ አይደለንም" ብላ ታቋርጠኛለች። ያን ቀን ግን ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደራረበችልኝ። ወንዞቹ ከየት ይመጣሉ፣ ደለሉ ስንት ዘመን ይፈጃል፣ ሁለቱ ሐይቆች አንድ ቀን ይገናኙ ይሆን? ጎበዝ ተማሪ አገኘሁ ብዬ ፈነደቅሁ።

ከዶርዜ በላይ ጉሙ መንገድ ላይ ወርዶ ጠበቀን። ቀርከሃው በግራም በቀኝም ተጠጋግቶ ቆሟል፤ ነፋስ ሲመጣ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይንቋቋል። ከሥሩ ያለው ቅጠል ስንረግጠው እንደ ፍራሽ ይሰምጣል። ከቀርከሃው ባሻገር ማንም የማይቆርጣቸው ያረጁ ጥዶች ይታያሉ፣ ግንዳቸው ሽበት አብቅሏል። እንዲህ ያለ ቦታ ከቤቴ በአንድ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ እያለ ስንት ዓመት ሳላየው መኖሬ አናደደኝ። ቀርከሃ አቅፌ፣ ሆዴን ይዤ፣ ቅጠል ጸጉሬ ላይ ሰክቼ ፎቶ ተነሳሁ። ጓደኛዬ "ሳቂ" ባለችኝ ቁጥር ሳቅሁ።

ከጫካው ስንወጣ ለቅሶ ገጠመን። ወንዶቹ ጦር ይዘው እየፎከሩ ይሮጣሉ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ትልቅ ሰው መሞቱ ያስታውቃል። ባሌ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ፤ እጁ መሪው ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ በሩን ልከፍት ስል "አንቺ አትወርጂም" አለኝ። "ለቅሶ አይታለፍም እኮ፣ ነውር ነው" አልኩት። ነፍሰ ጡር ለቅሶ ቦታ አትቆምም ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ ጓደኛዬ በሁላችን ስም ወርዳ እግዜር ያጽናችሁ ብላ ልትመለስ ተስማማን።

ስትመለስ ፊቷ በእንባ ርሷል። መኪናው ውስጥ ገብታም አላቆመችም፤ ትነፈርቃለች። "ሟቹን ታውቂው ኖሯል እንዴ?" ብዬ ቀለድኩባት። "አባቷ ነው አሉ" አለችኝ፣ "ልጅቷን አየኋት።" በነጠላዬ ጫፍ እንባዋን እየጠረግሁ፣ "አይዞሽ፣ ልጁ አጠገቡ ቆማ ትቀብረዋለች፤ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?" አልኳት። ይህን ስላት ባሰባት። ባሌ በሩን ከፍቶ ከመኪናው ኋላ ሄደ። ሽንቱን ሊሸና መስሎኝ ወደዚያ አላየሁም። ያቺን ልጅ፣ ደረቷን እየመታች አባቷን የምትቀብረውን፣ ስሟን አላውቅም። እስከ ዛሬ ግን እቀናባታለሁ።

ጨንቻ ደርሰን ትኩስ ቆጮ በዳጣ በላን፤ ባሌ ፖም ገዛልኝ። ምሳ ላይ ስልኬ ጓደኛዬ ቦርሳ ውስጥ ጮኸ። አየችና "እናትሽ ናት" ብላ ሰጠችኝ፤ ከባሌ ጋር ሲተያዩም አይቻለሁ። የእናቴ ድምፅ ሻክሯል። ጉንፋን ይዞኛል አለች። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ገበያ ነኝ አለች። "አባቴስ?" አልኳት። "ተኝቷል" አለች፣ በጋሞኛ፣ ሕፃን ሆኜ ታስተኛኝ በነበረበት ለስላሳ ድምፅ። "አትቀስቅሱት በቃ፣ ሲነሳ ተማሪህ ጨንቻ ወጥቷል በይው" አልኳት። "እሺ" አለች። "ብይ፣ ደህና አድርገሽ ብይ" ብላ ዘጋች። ያን ስልክ የደወለችው ከአፈር መልስ፣ ከሰው ተነጥላ እንሰት ውስጥ ገብታ ነው። እንድትደውል የለመናት ባሌ ነው፤ ሳልጠረጥር እንድውል።

ስንመለስ ፀሐይ ጫሞ ላይ ዘንበል ብላ ነበር። ጭንቅላቴን መቀመጫው ላይ ጥዬ "ከተጋባን እንዲህ ያለ ቀን አሳልፈን እናውቃለን?" አልኩት። "አናውቅም" አለኝ። እውነት የነገረኝ ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

ሴት ልጅ በሰላም ተገላገልኩ። ቤተሰቤ ሊጠይቀኝ ሲመጣ እናቴና አባቴ ቀሩ፤ እሱ ትንሽ አሞታል፣ እሷ ጥላው መምጣት አልቻለችም ተባልኩ። ከወለድኩ በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ገና ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ገቡ፣ ጎረቤቶቹ ገቡ፣ ጓደኛዬ ገባች። ልጄን ሰው ከእጄ ወሰዳት። ከዚያ እናቴ ገባች፤ እኔ ከኋላዋ አባቴን ፈለግሁ። ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። ቤተ ክርስቲያናችን ባይወደውም ለሐዘን ጸጉሯን ተላጭታ ነበር፤ ጸጉሩም መልሶ ጣት ያህል አድጓል። ወንጌላዊው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ያን ጸጉር አይቼ ጮኽሁ።

አብረውኝ አለቀሱ። ግን የእነሱ ለቅሶ ካለቀ ስድስት ወር ሆኖታል፤ የሚያለቅሱት ለእኔ እንጂ ለእሱ አልነበረም። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዱ ስለ መንገድ ሥራ ማውራት ጀመረ፣ ሌላው መለሰለት። እኔ ገና መጀመሬ ነበር። በመሃል "መቼ ነው የተቀበረው?" ብዬ ጠየቅሁ። "ቅዳሜ" አለች እናቴ። "የትኛው ቅዳሜ?" አልኩ። ጓደኛዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ባሌ መሬት መሬት አየ። የትኛው እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ባሌ "ለአንቺ ብዬ ነው፣ ለልጃችን ብዬ ነው" ይላል። ልጄን ሳያት እውነቱን ይሆናል እላለሁ፤ ብሰማ ኖሮ ምን እንደምሆን እኔም አላውቅም። ቢሆንም ከልቤ አልወጣልኝም። ደብቀው ቤት ቢያስቀምጡኝ እችለው ነበር። ማሳቃቸው ነው ያቃተኝ። ለራሱ ጥቅም ዋሽቶኝ ቢሆን ተጣልተን እንታረቅ ነበር፤ ለእኔ ብሎ ከዋሸኝ ሰው ጋር በምን እንደምታረቅ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከጓደኛዬም ጋር አሁንም አንድ መምህራን ክፍል ውስጥ እንቀመጣለን። ሰላም እንባባላለን። ምሳዬን ብቻዬን እበላለሁ።

ያለፈው ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የፈተና ወረቀት ሳርም ባሌ ገባና "ለምን ዛሬ ጨንቻ አንወጣም? ልጅቷ ቀርከሃ አይታ አታውቅም" አለኝ። ልጃችን አምስት ዓመቷ ነው፤ ሰምታ ዘለለች። እኔ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

"ማን ሞተ?" አልኩት።

ደነገጠ። "ማንም አልሞተም፣ እውነቴን ነው" አለኝ። ድምፁን በደንብ አዳመጥኩ። ያን ቅዳሜ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ሰውየው ሌላ ድምፅ የለውም።

ለእናቴ ደወልኩ። ደህና ነኝ አለች። ደህና ነኝ ማለቷ ስላልበቃኝ በቪዲዮ ደውዬ ፊቷን አየሁ፤ ጸጉሯንም አየሁ። ለወንድሜ ደወልኩ። ለእህቴ ደወልኩ፣ ልጆቿን አንድ በአንድ እንድታሳየኝ አደረግሁ። ባሌ ይህን ሁሉ ስሠራ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ቆሞ ያየኛል። ሁሉም በሕይወት አሉ። ልጄ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ትጠብቀን ነበር። አልሄድንም።