የእትዬ ወርቅነሽ ሮዛ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሲፈን ከጎሬ ደወለችልኝ። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወር ቀርቷታል። «አባዬ፣ ሴት ከሆነች ሮዛ እንበላት ይለኛል ባሌ። ትርጉሙ ምንድን ነው?» አለችኝ። በላቲን ጽጌረዳ ማለት ነው አልኳት። ለእሷ ይኸው በቃት፤ እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከዚያች ቃል ጋር ብዙ ቆየሁ።

በወጣትነቴ ኡካ ከተማ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። መቱ ላይ ሰናይት የምትባል ልጅ ወድጄ ሽማግሌ ብልክ፣ እናቷ እትዬ ወርቅነሽ «ልጁን አላውቀው፣ ወገኑን አላውቅ፤ ለማላውቀው ልጅ አልሰጥም» ብለው መለሷቸው። አልተቆጡም፤ የያዮ ማር አቅርበው፣ አብልተው ነው የመለሷቸው።

በዚያው ክረምት እትዬ ግቢ ያለችው ጽጌረዳ መድረቅ ጀመረች። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የተከሏት ናት፤ ዝናቡ በዝቶ ሥሯ በስብሷል። ሰናይት «ያ የመለስሽው ልጅ እኮ የተማረው ዕፅዋት ነው» ብትላቸው ጊዜ አስጠሩኝ።

ቅጠሏን እያገላበጥኩ፣ ዕውቀቴን ለማሳየት ቸኩዬ፣ «ሮዛ ናት» አልኩ።

«ሮዛ ደግሞ ማን ናት?»

«ጽጌረዳ ነዋ በላቲን፣ እትዬ። በሳይንስ ግን የወገኑ ሁሉ መጠሪያ ነው። ወገኑ ይቀድማል፣ የራሱ ስም ይከተላል። የኛ ቀጋም ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል፤ የሐበሻዋ ሮዛ እንደማለት።»

«ቀጋ? ያ የአጥር እሾህ? ከኔ አበባ ጋር ምን አዛመደው!» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

«ዘመዷ ነው፣ ሥሩም ብርቱ ነው። ይፍቀዱልኝና ልሞክር።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአባቴ አጥር አንድ ቀጋ ከነሥሩ ነቅዬ፣ በጆንያ ጠቅልዬ፣ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ መጣሁ። እጄ ተቧጭሮ ደም በደም ሆኗል። እትዬ ግቢ ተክዬው፣ ግንዱን ሰንጥቄ ከጽጌረዳዋ የተረፈችውን ለጋ ቅርንጫፍ አስገባሁበትና በላስቲክ አሰርኩት።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው መጥቶ ማየት ግድ ሆነ። መኪና በጭቃ ሲያዝ፣ የቀረውን መንገድ ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ እጨርሰዋለሁ። እትዬ እግሬን የምታጠብበት ውኃ ያቀርቡና ትኩስ ጎደሬ በሚጥሚጣ ያበሉኛል። ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ አባቴ በሬዎች፣ ስለ እህቶቼ ይጠይቁኛል። ሰናይት በሩ ላይ ቆማ ፈገግታዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

መስከረም ሲጠባ ቅርንጫፏ ጠቆረች። ላስቲኩን ስፈታው እንደ ጭራሮ ተሰብራ እጄ ላይ ቀረች። የሟች ባለቤታቸውን ማስታወሻ በእጄ ያጠፋሁ መሰለኝ፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«አልያዘችም፣ እትዬ» አልኩ።

ደረቋን ቅርንጫፍ ተቀብለው በመዳፋቸው ደባበሷት። ከዚያ፣ ከአማርኛ ሌላ አናግረውኝ የማያውቁት ሴትዮ፣ በእኔው ቋንቋ በኦሮምኛ «ኢልማ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«እሷ ባትይዝ አንተ ይዘሃል። ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ።»

እትዬ ካረፉ ቆዩ። አሁን እኔም አማት ሆኛለሁ። የሲፈን ባል ሽማግሌ ሲልክብኝ አላስቸገርኩም፤ በዚያው ቀን እሺ አልኩ። ጥሩ ልጅ ነው፣ አልተጸጸትኩም። ግን አንዳንዴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ልጁን እንደኔው ያለ አንድ ክረምት የቀማሁት ይመስለኛል።