የጃኬቱ ብናኝ

ቤተ ሙከራችን ውስጥ «ጠርጥር» የምንላት ባልደረባዬ ከሰው ይልቅ ድንጋይ ታምናለች፤ እሱንም ፈጭታ፣ በአሲድ አሟሙታ፣ አጥባ ካየችው በኋላ ነው። ድንጋዩ ሲሟሟ በውስጡ ተቀብሮ የኖረው የጥንት ተክል መራቢያ ቅንጣት፣ ስፖሩ፣ ሳይነካ ይቀራል። ከዱቄት ያነሰውን ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ታይና «እዚህ ረግረግ ነበር፤ ዛፍ የሚያህል ፈርን፣ አበባ የማያወጣው ተክል፣ በቅሎበታል» ትላለች። የትኛው ስፖር በየትኛው ዘመን እንደነበረ ስለሚታወቅ፣ የድንጋዩንም ዕድሜ ትናገራለች። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የተባለው ለእሷ ነው እያልን እናበሽቃታለን።

አንድ ጠዋት ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ አፈጠጠችብኝ።

«አበባ ይዘህ የገባኸው አንተ ነህ?»

«ለማን ብዬ?»

«ና እየው!»

ከጠቆሩት ስፖሮች መሃል አንድ ጥርት ያለ ቢጫ፣ እሾሃም ኳስ ተቀምጧል። የሱፍ አበባ ብናኝ ነው። ድንጋዩ ደግሞ በምድር ላይ አበባ የሚባል ነገር ሳይኖር የተሠራ ነው። ስለዚህ ብናኙ የገባው ከእኛው ነው።

እኔን ፈተሸችኝ፣ መስኮቱን ፈተሸች፣ በመጨረሻ ራሷን። ብርድ ስለነበረ የባሏን ጃኬት ደርባ መጥታለች። ኮሌታውን በፕላስተር ነካ ነካ አድርጋ የማይክሮስኮፑ መስታወት ላይ ለጠፈችው። ቢጫው ኳስ ሞልቶታል።

«ቤታችን አበባ የለም» አለች። «ሰሞኑን የሚያመሸው ትርፍ ሰዓት እየሠራ እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። ግቢዋ አበባ ያላት ሴት ይዟል!»

«ኧረ በፈጠረሽ! ሰውየው አውቶቡስ ነጂ ነው፤ የማይዞርበት የለ።»

«በአውቶቡስ መስኮት ይሄ ሁሉ አይገባም።»

በዓለም ላይ ሳትፈትሽ የምታምነው ሰው እሱ ብቻ ነበር። አሳዘነችኝ።

ማታ እሱ ከሥራ ሲወጣ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ከኋላው ተንፏቀቅን። «ዛሬ ትዳሬ አበቃለት!» እያለች ስትዝት ቆይታ፣ ወደ አንድ ጠባብ መንገድ ስንታጠፍ አንገቷን በመስኮቱ አስግጋ አየች። የእናቷ ሰፈር ነው። እናቷ «ወርቄን የሰረቅሽው አንቺ ነሽ» ካሏት ወዲህ ዝር ብላበት አታውቅም።

ከአጥሩ በላይ የሱፍ አበባ አንገቱን አውጥቷል። በሩን ገፋ አድርገን ስንገባ ባሏ ባልዲ ይዞ ውሃ ያጠጣል። ክው አለ።

«እግራቸውን አሟቸው ነው» አለ። «ብነግርሽ አትሂድ ትዪኝ ነበር።»

አሮጊቷ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ጥርጣሬዋን ከማን እንደወረሰችው ያኔ ገባኝ።

«ደግሞ ምን ልትወስጂ መጣሽ?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ባሌን።»

«ገና አጠጥቶ አልጨረሰም» አሉ። አጠገባቸው ያለውን በርጩማ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። «እስኪጨርስ ቁጭ በይ።»