ጥቁሯን ንብ ለእናቴ ላሳያት

ለፋሲካ ወደ ትውልድ ከተማዬ ሆሳዕና ልሄድ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። እናቴን ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። ወረርሽኙ መጣና መንገዱ ሁሉ ተዘጋ፤ እዚህ በስደት በምኖርበት በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ፣ ካትሌሆንግ ያለችው የብርድ ልብስ ሱቄም አስፈላጊ አይደለችም ተብላ ተቆለፈች። ወይ ጉድ! ብርዱ ደጅ ቆሞ ብርድ ልብስ አስፈላጊ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሜይፌር ሰፈር በተከራየሁት ቤት ጓሮ ተጎልቼ መዋል ሥራዬ ሆነ።

አንድ ቀን፣ የወይን ሐረግ ከተንጠለጠለበት ጣውላ የእንጨት ዱቄት ትከሻዬ ላይ ተራገፈ። ቀና ስል ወገቧን ቢጫ መቀነት የታጠቀች ትልቅ ጥቁር ንብ እንደ ባጃጅ እያጓራች ቀዳዳዋ ውስጥ ገባች። ፈረንጆች ባምብል ቢ ለሚሏት ድብልብል ንብ አበባ ሲተክሉ በዩቲዩብ ሳይ ከርሜ ነበርና “መጣችልኝ!” አልኩ። ኋላ ሳነብ ባምብል ቢ እዚህ አገር የለችም፤ ይቺ እንጨት የምትበሳዋ ናት። እናቴ ግቢ የደረቀ የአቮካዶ ግንድ ላይም ዘመዶቿ ይኖራሉ። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ግንዱን ሊፈልጥ መጥረቢያ ባነሳ ቁጥር እናቴ “እንግዶቼን አትንካብኝ!” እያለች ትቆጣው ነበር።

ይህን እንዳወቅኩ በወንድሜ ስልክ ደወልኩላት። “እማ፣ እንግዶችሽ እዚህም አሉ!”

“ውሸታም! እስቲ አሳዪኝ።”

ስልኩን ወደ ጣውላው ባዞርም ንቦቹ በብርዱ ተሸሽገው አንዷም ብቅ አላለችም። እናቴ ሳቀች። “ባቄላ ዝሪላቸው፤ ሲነቁ አበባ ይጠብቃቸው። ያኔ ታሳዪኛለሽ። እኔም እስከዚያ አልሞትም” አለችኝ።

“አታሟርቺ!” ብዬ ተቆጣኋት።

ከሐበሻ ሱቅ የሚበላ ባቄላ ገዝቼ ዘራሁ። የቤቱ ባለቤት፣ አንክል የምላቸው ህንዳዊ ሽማግሌ፣ ጣውላዬ ተበላ ብለው የተባይ መድኃኒት ይዘው መጡ። እጄን ዘርግቼ ፊታቸው ተገተርኩ። “አንክል፣ እናቴ ሳታያቸው አይነኩም!”

“እናትሽ የት ናቸው?”

“ኢትዮጵያ።”

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ መድኃኒታቸውን ይዘው ተመለሱ፤ በማግስቱ ጣውላው እንዳይወድቅ ከጎኑ ሌላ አቆሙለት።

ነሐሴ ላይ የእናቴ ድምፅ ጠፋ። ወንድሜ “ጉንፋን ነው፣ ጉሮሮዋ ተዘግቷል” አለኝ። ሌላ ቀን “ተኝታለች”፣ ሌላ ቀን “ጎረቤት ናት”። ባቄላው አበበ፤ ንቦቹም አንድ ሁለት እያሉ ወጡ። አበባው ላይ ሲያርፉ አገዳው እስኪጎብጥ ይከብዳሉ። እየቀረጽኩ ላኩ። ወንድሜ “አየችው፣ ሳቀች” ብሎ ይጽፍልኛል። “ውሃ በሳህን አኑሪላቸው፣ እንዳይሰምጡ ጠጠር ጨምሪበት ብላለች።” አኖርኩ። “ጓሮሽ ያለውን በሶብላ አትቁረጪው፣ ያብብላቸው ብላለች።” አልቆረጥኩም። ያለችውን ሁሉ አደረግኩ፤ ድምጿ ግን ራበኝ። “አንዴ ‘ልጄ’ ትበለኝ ብቻ” እያልኩ እለምነዋለሁ። “እሺ፣ ነገ” ይለኛል። ያልጠረጠርኩ እንዳይመስላችሁ። ሆዴ ያውቅ ነበር፤ አፌ ግን ደፍሮ አልጠየቀም።

መሰብሰብ በተፈቀደ ሰሞን ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ ደግፎ የሚይዝ ባለበት ነው። የዕድራችን ሰዎች በማስክ አፋቸውን ሸፍነው ግቢውን ሞልተውታል። አንዳቸውም ሳይናገሩ ጮህኩ። እናቴን በሽታው የወሰዳት ነሐሴ ላይ ነው። “ልጅቷ መርዶውን ብቻዋን ሆና አትስማ” ብለው፣ ሰው መግባት እስኪፈቀድ ጠብቀውልኝ ኖሯል።

ለቀስተኛው ቀለል ሲል ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እንዴት አድርጌ እንደምሰድበው ሳሰላስል ነው የዋልኩት።

“ያን ሁሉ ቪዲዮ ለማን ነው ያሳየኸው?”

መልሱን ሳልጠብቅ ቀጠልኩ።

“ሳቀች አላልከኝም? ማን ነው የሳቀው? ንገረኛ!”

ሲያለቅስ ይሰማኛል። “እትዬ” አለኝ፣ “ብታየው ኖሮ አትስቅም ነበር?”

ስድቤ አፌ ላይ ቀረ። ትስቅ ነበር።