አጥቂ በተከላካይ

ኳስ ተጫውቼ አላውቅም። ስታዲየም ገብቼም አላውቅም። በዕድሜዬ ላገባው የተመኘሁትን አንድ ሰው ያጣሁት ግን በኳስ ተጫዋች ልውውጥ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔም አንዳንዴ አብሬ እስቃለሁ፤ ሳቄን ስጨርስ ግን ደስ አይለኝም።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ከዚያ ክፉ ድርቅ በፊት። ላሊበላ ትምህርት ቤት የታችኛውን ክፍል አስተምር ነበር። እሑድ ከሰዓት የሚሠራ ነገር የለም። ቅዳሴ አልቋል፤ የቀበሌ ስብሰባ ካልተጠራ ሰው በየደጃፉ ፀሐይ ይሞቃል። እኛ ግን ሬዲዮ ነበረን። ሬዲዮው የአንድ ሸምገል ያሉ መምህር ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የቆዳ ልባስ አለው፤ አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ ተቀጥሏል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ጋሼ አውጥተው ጠዋት ፀሐይ ላይ ይደረድሩታል፤ ከሰዓት ነፍስ ይዘራና አንድ ጨዋታ ያደርሰናል። አንዳንዴ ለሁለተኛው አጋማሽ አይበቃም። ያኔ ማን እንዳሸነፈ ሳናውቅ ሳምንቱን እንከርማለን።

ከአዲስ አበባ የሚተላለፈውን ዝም ብሎ መስማት ሲሰለቸን የራሳችንን ጨዋታ ፈጠርን። አምስት መምህራን ነበርን። እያንዳንዳችን ከየቡድኑ የወደድናቸውን ተጫዋቾች መርጠን የየግል ቡድን አቋቋምን፤ አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። የኔ ያልኩት ሰው ጎል ሲያገባ ነጥቡ ለኔ ነው፤ በረኛዬ ሲያድን ለኔ፤ ዳኛ ሲያባርረው ከኔ ይቀነሳል። ተጫዋቹ ካላማረኝ ከሌላው ጋር እለዋወጣለሁ። አንዳቸውንም በዓይናችን አይተን አናውቅም። ረጅም ይሁኑ አጭር፣ የምናውቃቸው በጋዜጠኛው ድምፅ ብቻ ነው። እኛ ግን እንደ ራሳችን በሬ እናመሰግናቸው፣ እንደ ራሳችን በሬ እንረግማቸው ነበር።

አንድ እሑድ የቀበሌው ካድሬ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማን ቆየና ሰው መሸጥና መለወጥ የፊውዳል ሥርዓት ነው አለን። ጋሼ ፈጠን ብለው እንደማንሸጥ፣ ያለንን ተከፋፍለን በኅብረት እንደምንሠራ አስረዱት። ካድሬው ትንሽ አሰበና ተቀመጠ። ቆይቶ ቆይቶ፣ የተረፈ በረኛ እንዳለ ጠየቀ።

የልውውጡን ሕግ ያወጡት ጋሼ ናቸው። የወሰዱትም ከልጆች ነው። በኛ አገር ልጆች ለገና ጨዋታ ሲከፈሉ እያንዳንዱ እኩያዬ የሚለውን ራሱ ይፈልጋል፤ ከዚያ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ መሪዎቹ ይቀርባሉ፤ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ይሄዳል። እኛም ተጫዋች ስንለዋወጥ ሁለቱ ስም በሁሉም ፊት ይጠራል። የተጠየቀው ሰው «አቻ ነው» ካለ ጸደቀ፤ «አቻ አይደለም» ካለ ፈረሰ። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። አቻ የሚለው ቃል በየእሑዱ ከአፋችን አይጠፋም ነበር፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ሲያልቅም ጋዜጠኛው አቻ ወጡ ይላል። ቃሉ ሌላ ቦታ እንዳለው፣ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲቀመጥ «አቻዋ ነው ወይ» ተብሎ እንደሚጠየቅ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እሑድ እሑድ ግን እረሳዋለሁ።

ተጫዋች በመመዘን ማንም አይደርስብኝም ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም። ወንዶቹ ስሙ ደጋግሞ የተጠራውን ሁሉ ትልቅ ተጫዋች ያደርጉታል። አንድ ሁሉም ያበዱለት ሰው ነበር፤ የእጅ ውርወራ እሱ ይወረውራል፣ በግንባር እሱ ይገጫል፣ ወዲያው በግራ መስመር ይሮጣል። እኔ ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁና የወረወረውን ኳስ መልሶ ራሱ ሊገጭ እንደማይችል፣ ስለዚህ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች መሆናቸውን ነገርኳቸው። ባለቤቱ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈኝ።

የኔ ኩራት ግን አንድ ተከላካይ ነበር። በአንድ ጨዋታ ስሙ ቢጠራ አንዴ ነው፤ ነጥብም አያመጣልኝም። ሲስቁብኝ፣ ስሙ ካልተጠራ በሱ በኩል ማንም አላለፈም ማለት ነው እላቸዋለሁ። ይህን ስል ደግሞ የባሰ ይስቃሉ። የማይስቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እሱ ከሙጃ በኩል የመጣ የሒሳብ መምህር ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሲናገር ግን ሰው ያዳምጠዋል። ጋዜጠኛው «ከጨዋታ ውጪ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ መሬት ላይ ባቄላ ደርድሮ ያስረዳኝ እሱ ነው። ሌሎቹም አያውቁትም ነበር፤ እንደሚያውቁ ሆነው ነበር የሚሰሙት። እናቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አናነሳውም። አብዮቱ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብሎ ነበር፤ የቀበሌው ግድግዳ ላይም በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሆኖም የሸክላ ሠሪ ልጅ የገበሬ ልጅ ሲያገባ ያየ አልነበረም። አባቴ ደግሞ መሪጌታ ናቸው፤ የገበሬ ልጅ እንኳ ለኔ ያንስባቸዋል።

እወደው ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ ለሱም ጭምር። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላዬን የማጥበው ለቅዳሴ ብቻ እንዳልሆነ እናቴ ሳታውቅ አትቀርም።

እሱ ዘንድ ሁሉም የሚቋምጥለት አጥቂ ነበር። በየሳምንቱ ያገባል። ሦስት ተጫዋች እንስጥህ ብለውት እንኳ አልሰጠም። አንድ እሑድ ታዲያ ሬዲዮው ሳይከፈት፣ ሁሉም ቁጭ እንዳሉ፣ ወደኔ ዞረ።

«አጥቂዬን ልስጥሽ፤ ተከላካይሽን ስጪኝ» አለኝ።

እኔ መመዘን ጀመርኩ፤ ሥራዬ ነውና። ሰሞኑን ወልድያ ደርሶ መጥቷል፤ አጥቂው እግሩን መጎዳቱን ሰምቶ ሊያራግፍብኝ ይሆን? እሱ ግን ተንኮል አያውቅም። እንግዲያስ አዝኖልኝ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ በነጥብ ከሁሉም ታች ነበርኩ። ደሜ ፈላ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሰጠሁት በላይ መቀበል አልወድም፤ እናቴ ይቺ ልጅ ስጦታ ሲሰጧት ትጣላለች ትል ነበር። ሦስተኛ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ለአፍታ እንኳ አልመጣልኝም። ሬዲዮ ውስጥ ያለ ሰው ሲያነክስ በድምፅ የምለይ ሴት፣ ፊቴ ተቀምጦ የሚያወራኝን አልሰማሁትም።

«አቻ አይደለም» አልኩ።

ይበቃ ነበር። ሕጉ ከዚህ በላይ አይጠይቅም። እኔ ግን ንዴቴ አላበቃም።

«አቻ ያልሆነ ነገር ደግሞ እኔ ቤት አይገባም።»

የሱ አጥቂ ከኔ ተከላካይ እጅግ ይበልጣል፣ ምጽዋት አልቀበልም ማለቴ ነበር። እሱ «እሺ፣ ገባኝ» አለና ተነሥቶ ሬዲዮውን ከፈተ። እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ሰማ። አጥቂው ያን ቀንም አገባ፤ እሱ ነጥቤን ቁጠሩልኝ አላለም።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም። በኳስ የሚያኮርፍ ወንድ ነው ብዬ ናቅኩት፤ ንቀቴም ራሴን ስለሚያመኝ የባሰ ተናደድኩ። ትምህርት ሲዘጋ ወደ ኮን ተዛውሮ ሄደ። ሲሰናበተን ሌሎቹን ትከሻ ለትከሻ እየገጨ ሳቀ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ፤ ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው።

ክረምቱ መሐል ነው ጋሼ የነገሩኝ። ደመና ስለሆነ ድንጋዩ ፀሐይ አላገኘም፤ ሬዲዮው ጉሮሮውን እንደታመመ ሰው ይንኮሻኮሻል፤ ሌሎቹ ተስፋ ቆርጠው ሄደዋል። ጋሼ ሬዲዮውን ዘጉትና አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ያን ቀን ምን ነካሽ?» አሉኝ። «ሽማግሌ ይሁኑኝ ብሎ ለምኖኝ ነበር እኮ። አባትሽ ዘንድ ከመሄዴ በፊት ግን የሷን ልብ ልየው አለ። አጥቂዬን ከተቀበለችኝ ይሂዱልኝ፤ ካልተቀበለችኝ እርስዎን መሪጌታ ደጃፍ አላዋርድም አለኝ። ለአባትሽ የምለውን ሁሉ አሰናድቼ ነበር። አንቺ ቀድመሽ መለስሽልኝ።»

የሱ ይበልጥብኛል ማለቴ እንደነበር ነገርኳቸው።

«እኔማ ገብቶኛል» አሉ ጋሼ። «የሸክላ ሠሪ ልጅ ግን አቻ አይደለም ሲባል በየት በኩል እንደሚሰማው አታውቂም?»

አወቅሁ። ዘግይቼ አወቅሁ። ልጅ ሆኖ ለገና ሲከፈሉ እኩያዬ ነህ ብሎ አብሮት የሚቀርብ አጥቶ ዳር ቆሞ ይሆን ነበር፤ ይህን ያሰብኩት ያን ዕለት ነው።

አባቴ እሺ ይሉ ነበር አልልም። ምናልባት ጋሼን ከደጃፋቸው ይመልሷቸው ነበር። ግን አባቴ አልተጠየቁም። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እምቢ ማለት የማልፈልግ እኔ። ጋሼ መልእክት ልላክለት ብለውኝ ነበር። ሴት ወንድ ተከትላ መልእክት ስትልክ ነውር ነው አልኳቸው፤ ደግሞም ለምን በቀጥታ አልጠየቀኝም የሚል ኩራት ነበረብኝ። ኮን ባሕር ማዶ አይደለም። መኪና ቢጠፋ በበቅሎ ይደረሳል። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው እኔ ከተቀመጥኩበት እስከ ኮን ያለው መንገድ ሁሉ ያስቆጨኛል፤ ያኔ ግን ለአንዲት ቃል የማይገፋ ተራራ አድርጌው ነበር።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ሕፃናቱ ከክፍል እየጎደሉ፣ ትምህርት ቤቱ እህል የሚታደልበት ሆነ። ስለ ኳስ የሚያወራ አልነበረም፤ እኔም ስለ ራሴ ማሰብ አፈርኩ። አገር ሲረጋጋ እሱ ኮን ላይ አግብቶ ወልዷል የሚል ወሬ ደረሰኝ። አባቴም አቻዬን አገኙልኝ፤ የደብር ልጅ፣ ከአፉ ክፉ የማይወጣ ሰው። ትዳራችን ባዶ ለባዶ አቻ ነበር። ማንም አልተሸነፈም፤ ማንም ጎል አላገባም። ጥቂት ዓመት ኖረን በሰላም ተለያየን።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ለንግሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ወጣሁ። ከዋሻው ፊት ለፊት፣ ከጥዱ ሥር፣ ሕዝቡ ጫማውን እያወለቀ ሲገባ አየሁት። ጎኑ ሚስቱ አለች፤ ትንሽ ልጅ እጁን ይዟል። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ መሸሽ አይቻልም። ቀርቦ ሰላም አለኝና ላሊበላ አብራኝ ታስተምር የነበረችው ናት ብሎ ለሚስቱ ነገራት። ፊቷ በራ። ደግ ሴት ናት፤ ደግ ባትሆን ይሻለኝ ነበር።

«እታለም፣ አንቱ ነዎት?» አለችኝ እየሳቀች። «አቻ ያልሆነ ቤቴ አይገባም ያሉት? በኳሱ! ለልጆቹ እንኳ እንደ ተረት ነው የሚያወራላቸው።»

እሱ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ለዓመታት ለብቻዬ ስለማመደው የኖርኩት ነገር በሷ ፊት ወጣ።

«ያኔ ያነሰው የኔው ነበር» አልኩት። «ያንተ በልጦብኝ ነው አቻ አይደለም ያልኩህ።»

ሚስቱ ስለ ኳሱ መስሏት ሳቀች፤ ሰልፉ ሳይረዝም ጸበል ልቅዳ ብላ ቀድማን ሄደች። እሱ አልሳቀም። ልጁ እጁን እየጎተተው እንኳ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ምነው ያኔ እንዲህ ብለሽኝ» አለኝ።

ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሕጉ ለምን ተብሎ አይጠየቅም ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ልጁን አዘለና ሚስቱን ተከትሎ ወረደ።